ጋሽ ቆጣቢውን ስለማጣታችን፦ ከጉበት ቀዶ ሕክምና ክፍል

የሆስፒታላችን አንጋፋ የጉበት ቀዶ ሐኪም ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ክፍላችን ይህን የሚገልጸው በተሰበረ ልብ ነው። ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ቆጣቢው» የምንላቸው፣ ከጤናማ ጉበት ላይ ጥፍር ታህል እንኳ በከንቱ ስትቆረጥ ማየት ስለማይሆንላቸው ነበር። ስሙን ሲሰሙ ይስቁ እንደሆነ እንጂ ተቆጥተው አያውቁም።

አገልግሎት በጀመሩ በአራተኛው ዓመት፣ ካንሰር ያልሆኑ ትልልቅ የጉበት ዕጢዎች የሚታከሙባቸውን መንገዶች የሚያነጻጽር መዝገብ ከፈቱ። አንደኛው መንገድ ዕጢውን ከያዘው የጉበት ክፍል ጋር ቆርጦ ማውጣት ነው። ሁለተኛው አተር ከቅርፊቱ እንደሚፈለቀቅ ዕጢውን ብቻ ለይቶ ማውጣት ሲሆን፣ እሳቸው የሚወዱት ይህንኛውን ነበር። ሦስተኛው ምንም አለመንካት ነው። ዕጢው ካላስቸገረ «እሱ ተኝቷል፣ እኛ ምን ቤት ነን?» እያሉ ስንቱን ታካሚ ሳይቀደድ ወደ ቤቱ ሸኝተዋል።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት የመቶ አርባ ታካሚዎቻቸውን ውጤት ለክፍሉ አቀረቡ። ለጉበቱ ጠርዝ የቀረቡት ዕጢዎች ተፈልቅቀው ሲወጡ የሚፈሰው ደም አነስተኛ ነበር፤ ከትልልቅ ደም ሥሮች ጋር ለተጣበቁት ግን ቆርጦ ማውጣቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሰፈሩት፣ እሳቸው እልህ ይዟቸው ካልፈለቀቅሁ ሲሉ ብዙ ደም የፈሰሳትን የአንዲት እናት ታሪክ ነው። እናትየዋ ተርፋለች። እሳቸው ግን አዲስ የመጣ ሐኪም ሁሉ ያንን ገጽ ሳያነብ አብሯቸው ቀዶ ሕክምና እንዲገባ አይፈቅዱም ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ቆርጦ ማውጣትን ስለሚመርጡ፣ ሁለቱ በረቡዕ ስብሰባ ሳይነታረኩ የዋሉበት ጊዜ የለም። ይህን መግለጫ የጻፉትም ኃላፊው ናቸው። የዚህ ሳምንት ስብሰባ በሩብ ሰዓት አለቀ፤ የሚሟገት አልነበረም።

የመጨረሻ ታካሚያቸው፣ ዕጢው ጨጓራዋን ተጭኖ እህል የከለከላት ልብስ ሰፊ ናት። ሰኞ ዕለት አልጋዋ አጠገብ ቆመው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ሐሙስ ስትነቂ መጀመሪያ የምታዪው እኔን ነው» ብለዋት ነበር። ሐሙስ ቀዶ ሕክምናውን የሠሩላት ኃላፊው ናቸው። ለመቁረጥ ተዘጋጅተው ሳለ፣ ሟቹ በእርሳስ ስለው ፋይሏ ውስጥ የተዉትን ሥዕል አገኙ። ሥዕሉ ዕጢው ከትልቁ ደም ሥር አንድ ጣት ያህል እንደሚርቅ ያሳይ ነበር፤ ሆዷ ሲከፈትም እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ዕጢው ተፈልቅቆ ወጣ፤ ጤናማው ጉበቷ አልተነካም። ጋሽ ቆጣቢው ክርክሩን ረትተዋል። ይህን ሳንነግራቸው መቅረታችን ያንገበግበናል።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው፣ አብረዋቸው ለደከሙ ነርሶችና ሐኪሞች፣ እንዲሁም ሳይቀደዱ ለተሸኙት ሁሉ መጽናናት እንዲሆንላችሁ ከልብ እንመኛለን። የእናንተ ሀዘን የእኛም ነው።

በመጨረሻም፣ ለልብስ ሰፊዋ እስካሁን የነገርናት «ዶክተሩ ትንሽ አሟቸዋል» ብለን ነው። በዚህ ጥፋተኞች ነን። ዛሬ ጠዋትም ነርሷን «አባባ አሁንም አልተሻላቸውም?» ስትል ጠይቃለች። በመሆኑም ኃላፊው ነገ ረፋድ ላይ ራሳቸው ሄደው እስኪነግሯት ድረስ፣ ይህ መግለጫ እሷ በተኛችበት በሁለተኛው ፎቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዳይለጠፍ ሠራተኞቻችንን በትሕትና እንጠይቃለን።