ሞተሩ ለምን ይቆራርጣል

ሰኞ፣ ግንቦት 3
አውቶቡሱን አስረክቤ በቀጥታ ወደ ጋራዥ። ቀይዋ ስፖርት መኪናዬ… ከነዝገቷ ገዝቻት፣ ከጓደኛዬ ከጳውሎስ ጋር አራት ክረምት ፈታተን ገጣጠምናት። ሞተሩን የሠራው እሱ ነው። ቅዳሜ አንጀት የሚያርስ ድምፅ ነበራት፤ ዛሬ ትቆራርጣለች። ድው… ድው… ከዚያ ዝም።
“ካንዴላ ይሆናል” አለ ጳውሎስ። ይሁን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5
ካንዴላ ቀየርን። ገመዶቹንም ቀየርን። ትናንት ከሰዓት ተስተካክላ ተቃቅፈን ጨፍረን ነበር። ዛሬ ጠዋት ያው በሽታዋ። ምን ጉድ ነው?
እማዬ ወርዳ አየችን። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ሰው አገር ከመጣች ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጋራዡ አልቢ ሰፈር ካለው ፎቃችን ሥር ስለሆነ ትመላለሳለች።
“እምቢ ካለች ለምን አትተዋትም ልጄ?”
ሳቅን።

ዓርብ፣ ግንቦት 7
ዛሬ ተበላሸን። መኪናዋ ሳትሆን እኛ።
“ሰኞ እኮ ቤሲክትኒንግ አለን!” አልኩት። ያንን የመኪና ምርመራ ካላለፈች መንገድ ላይ መውጣት የለ። ጳውሎስ አንገቱን ደፍቶ ስሜን ጠራ። “አድነው… ተወው፤ የእኔ ጥፋት ይሆናል” አለኝ። ፈነዳሁ። ሞተር ካላወቅህ ለምን አወቅሁ ትላለህ፣ ልፋቴን ገደል ከተትከው… ጎረቤት እየሰማ። መፍቻዎቹን ሰብስቦ ወደ ሻርሆልመን፣ ወደ ቤቱ ሄደ።
የስንት ዘመን ጓደኛዬን… ምን ነካኝ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8
ጠዋት ስወርድ የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። ኮፈኑ ተከፍቷል። እማዬ! ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ሞተሩ ላይ ጠበል ታንቆረቁራለች። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ ከነገመዶቹ ርሷል።
“እንድትባረክ ነው እማዬ?”
“እንዳትነሳ ነው።”
“ኮፈኑን ማን ከፈተልሽ?”
“እናንተን እያየሁ ለመድኩት።”
ከዚያ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ወንድሜን ንጋትን የገደለው መኪና ነው፣ ናዝሬት መንገድ ላይ። “አንተንም ላስበላ? ካልተነሳች ለማርያም ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ።”
“እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ የምነዳ ሰው ነኝ” አልኳት።
“አውቶቡስ ቀስ ይላል። ይቺ ለመብረር የተሠራች ናት” አለችኝ።

እሁድ፣ ግንቦት 9
ከቅዳሴ መልስ ጳውሎስ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።
“አውቃለሁ” አለኝ።
“ምኑን?”
“ዓርብ ጠዋት፣ አንተ ሳትመጣ አየኋቸው። ‘በማርያም፣ ለልጄ እንዳትነግርብኝ’ አሉኝ። እናትህን ላሳጣቸው?”
ያን ሁሉ ስድብ እያወቀ ነው የተሸከመው! እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ።
“ሞተሩ ደህና ነው” አለኝ። “እሳቸው ናቸው ደህና ያልሆኑት።”
እኔ ልጇ ፍርሃቷን አላየሁትም። እሱ አየው።

ሰኞ፣ ግንቦት 10
ምርመራውን ሰረዝኩ። ቁልፉን ለእማዬ ሰጠኋት።
“እስክትፈቅጂ አላስነሳትም።”
ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።
ከሰዓት ጳውሎስ መጣ። በቆመችው መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ምሳችንን እማዬ በመስኮት አቀበለችን።