ሁለተኛው ጉርሻ

ጥር 13
ከእማዬ ዘንድ፣ ከእብናት ተመለስኩ። ከሚኒባስ ወርጄ ቤት እስክደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ሦስቴ ቆምኩ... ስልክ የማወራ እየመሰልኩ። እማዬ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «አስናቀን እዩልኝ፣ አባቱን ወጣ» ስትል ነው የሰነበተችው። በቃኝ ስላት «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ትልና ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። እናትን እንዴት እምቢ ይሏል?

ጥር 22
ጫማዬን ያሰረችልኝ ሚስቴ መሠረት ናት። ሆዴ አላስጎነብስ አለኝ።

የካቲት 4
ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደም ግፊትም ስኳርም አለብኝ። ክብደቱ ልቤን እያደከመው ነው አለች ሐኪሟ፤ ካልቀነስኩ ኩላሊትና ዓይንም ይከተላል። ኪኒን ጻፈችልኝ። ከዚያ፣ «አባትዎ በምን ሞቱ?»
«በድንገት» አልኩ።
ከማዕድ ተነስቶ እጁን እየታጠበ ነበር። በሃምሳ ዓመቱ። ያኔ ሰው ሁሉ «ሳይሰቃይ፣ ጠግቦ» እያለ አጽናናን። እኔ አርባ ስምንት ሞላኝ... ፈራሁ።

የካቲት 26
በጾሙ እከሳለሁ ብዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ አሰብኩ። የስኳሩን ኪኒን ግን ጠዋት በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። እግዜርንም ሐኪሟንም ላስደስት! ቢሮ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ፣ ስኳሬ ወርዶ ወደቅኩ። ባልደረባዬ ይሻው ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣኝ። ሐኪሟ ተቆጣች። የንስሐ አባቴ ደግሞ መድኃኒትህን በምግብ ውሰድ፣ ማታ ግን አታካክስ አሉኝ። ማታ ማካካሴን ማን ነገራቸው?

መጋቢት 19
ወደ ቢሮ በእግሬ። ባጃጆቹ እያዘገሙ ይጠሩኛል። ዳገቱ ሰለቸኝ፣ እንጀራ መቀነሱ ሰለቸኝ። ሰው «ምን ነካህ፣ ታመምክ እንዴ?» ይለኛል። ስወፍር «አማረብህ» ያለኝ ያው ሰው።

ሚያዝያ 20
ጫማዬን ራሴ አሰርኩ።

ግንቦት 1
ልደታ። እብናት። እማዬ ገና ከደጅ ስታየኝ አለቀሰች። ማን እንዳከሳኝ ጠይቃ መሠረትን በጎሪጥ አየቻት። ሁሉንም ነገርኳት... ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ መውደቄን። ሐኪሟ ስለ አባዬ የጠየቀችኝንም። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።
ማዕድ ቀረበ። አንድ አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን ጠቀለለችና እጇ መሃል ላይ ቆመ።
«አንድ ያጣላል» አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ።
«እንጣላ» አለች። «ከአባትህ ጋር አንድ ቀን እንኳ ተጣልቼ አላውቅም።»
ጉርሻውን መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።