ከል ለብሼ እልል ያልኩ ቀን

ውድ ደምሴ፣ የቤቴ አባወራ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ከአሥር ቀን ሆነ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ጤናዬና ስለ ጎረቤቱ አስቀድሜ እነግርህ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰላምታውም አልመጣልኝ። ደንግጫለሁ። የቅዳሜው ድንጋጤ ይኸው ማክሰኞም ሆኖ አልለቀቀኝም። ጠዋት ሻይዬ ውስጥ ጨው ጨምሬ ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው የታወቀኝ። አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው ደብቀህብኝ የሄድከው?

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ቤታችን እንደነበረ ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ልጃችን ሰለሞን ከክረምቱ በፊት መጥቶ አስቀየረው። ዕቃህን የምታስቀምጥባትን ሰርቪስ ክፍል መሠረት ለምትባል የሆሳዕና ልጅ አከራየኋት። ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ፣ ልጃችን ትዕግስት ያለችበት ነው የምትሠራው፤ ጨዋ ልጅ ናት። ክፍሉን ላጸዳ ስገባ ታዲያ የመፍቻ ሳጥንህ የለም። ያቺ ቀይ ቀለም የቀባሃት፣ እጀታዋን በሽቦ ያሰርካት ሳጥን። ሰፈሩን አመስኩት! ከዚያ ቁራሌው ላይ ደረስኩ፤ አንተ ነህ የወሰድከው ብዬ አገር ምድሩ እስኪሰማ ጮኽኩበት። ምስኪኑ ሰውዬ በጊዮርጊስ ማለ፣ ተገዘተ፤ አላመንኩትም። ከዚያ ወዲህ በእኛ በር ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጣራው።

ትዕግስትም የለችም። ከአርባህ ማግሥት ልብሷን ሸክፋ ቂሊንጦ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች። ለጎረቤት ፈረቃው ስለራቃት ነው አልኩ። ምክንያቱን ግን አንተም ታውቀዋለህ፤ እዚያው ፊታችን ተጋድመህ ነበር። የእድራችን ጸሐፊ የሕይወት ታሪክህን ሲያነብ፣ ደምሴ አንድ ኢንጂነርና አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ልጆችን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ አባት ነበር አለ። ያንን እኔ ነኝ ያስጻፍኩት። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ የሴት ልጅሽስ ሥራ ምንድን ነው ሲለኝ፣ ቢሮ ብለህ ጻፍ አልኩት። ሲነበብ ትዕግስት አጠገቤ ቆማ እየተንሰቀሰቀች ነበር። ይህን ስትሰማ ልቅሶዋን አቆመችና ዞር ብላ አየችኝ። በአባቷ አስከሬን ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ ልጄን ካድኳት።

ክፉ ሆኜ አይደለም ደምሴ። አንተ ታውቀኛለህ። ያን ቀን ከክር ፋብሪካው እጅህን በጨርቅ ጠቅልለህ ስትገባ፣ ሌባ ጣትህን ማሽኑ ውስጥ ትተህ ስትመጣ፣ በሩን የከፈትኩልህ እኔ ነኝ። ትዕግስት ገና ጡት አልተወችም ነበር። ያኔውኑ ከልጆቼ አንዱም ማሽን የሚባል ነገር አይነካም ብዬ ማልኩ። የአንተን ግራሶ ሳጥብ ኖሬ፣ ደግሞ የልጆቼን ላጥብ? ሰለሞን አላሳፈረኝም። ሲመረቅ ትዝ ይልሃል፣ እልልታዬ ድምፄን ዘግቶት ሳምንት ሙሉ በጥቅሻ ነበር የማወራህ። ካባ የለበሰበትን ፎቶ በትልቅ መስታወት አስደርጌ ሳሎን ሰቀልኩት። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው እንኳ እሱን ሳያይ አይወጣም። ትዕግስት ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አልሆነላትም፤ ፋብሪካ ገባች፣ ስፌት ማሽን ላይ ተቀመጠች። እኔም ለሰው ሁሉ ቢሮ ነው የምትሠራው ማለት ጀመርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ እኔ ሞኟ የልጄን ወረቀት ይዤ ሌላዋን ልጄን ለቀቅኳት።

አንተ ያኔ ዝም ብለህ ፈገግ ትላለህ። እሁድ ሲሆን ደግሞ ነጠላህን አጣፍተህ፣ ልጅህን አስከትለህ፣ ሳሪስ አቦ እናስቀድሳለን ብለህ ትወጣለህ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ እዚሁ ሰፈር አስቀድሳለሁ። አባትና ልጅ እንዲህ በእምነት ሲጸኑ ብዬ ምን ያህል አምላኬን እንዳመሰገንኩ! ይሄን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዓርብ ማታ መሠረት በሬን አንኳኩታ ገባች። እትዬ አልማዝ፣ ነገ ፋብሪካው ምስጉን ሠራተኞችን ይሸልማል፣ ቤተሰብም ተጠርቷል፣ ልጅዎም ትሸለማለች፣ አልነገረችዎትም ወይ አለችኝ። እዚያም ላይ ዋሸሁ፤ ነግራኛለች እንጂ አልኳት። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ጥቁር ልብሴን ለብሼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ደርቤ፣ ከመሠረት ጋር የሠራተኞቹ ሰርቪስ ላይ ወጣሁ። በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት በኩል ስናልፍ ስንቅ ያንጠለጠሉ እናቶች በሩ ላይ ተሰልፈው አየሁ። የእነሱ ልጆች ታስረው እንኳ እናቶቻቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ልጄ የምትሠራበትን በር አላውቀውም። ይሄን ሳስብ አፈርኩ።

አዳራሹ መጋዘን ያህላል፤ ከዳር እስከ ዳር ወጣት ሴቶች። ከኋላ፣ ከመሠረት ጎን ተቀመጥኩ። ስም ይጠራል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ ትዕግስት ደምሴ፣ ሜካኒክ አለ ሰውየው። እኔ ሞክሼዋ መስላኝ ነበር። የእኔዋ ሰፊ ናት ብዬ አንገቴን አስግጌ ያቺን ሌላዋን ሳፈላልግ፣ ራሷ ትዕግስት ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ መድረኩ ላይ ወጣች። በእጇ ምን ይዛለች? የመፍቻ ሳጥንህን! በስመ አብ አልኩ። ያቺ ቀይ ሳጥን፣ በሽቦ የታሰረች። ቁራሌውን ሌባ ያልኩባት!

ኃላፊው ይናገራል፣ እኔ ግማሹን ነው የሰማሁት። አንድ ትልቅ ማሽን ተበላሽቶ፣ ባለሙያ ከውጭ እስኪመጣ ሠራተኛው ቤቱ ይቀመጥ ሊባል ሲል፣ ይቺ ልጅ እኔ ልየው ብላ ጠየቀች። ሳቁባት። ሁለት ቀን ሆዱን ከፍታ ስትጎረጉር ቆይታ አስነሳችው። አሁን የፈረቃው ሜካኒኮች አለቃ ናት፤ አራት ወንዶች ከሥሯ ይሠራሉ። ይህን ሁሉ ሲል የጎረቤት ልጅ ታሪክ የምሰማ ነበር የመሰለኝ። ከማህፀኔ የወጣችውን ልጅ ከማላውቀው ሰው አፍ ተዋወቅኋት።

ከዚያ ማይኩን ሰጧት። እኔ ያስተማረኝ አባቴ ነው አለች። ዘጠኝ ጣት ነበረው፤ እሁድ እሁድ ሳሪስ በጓደኛው በጋሽ በቀለ ጥገና ቤት አሮጌ ስፌት ማሽን እያስፈታ፣ እያስገጠመ አስተማረኝ። መጀመሪያ ያስተማረኝ ካቻቪቴ አያያዝ አይደለም፤ እጄን የት እንደማላስገባ ነው አለች።

አንተ ሰው! ሳሪስ አቦ!

እዚያው ቁጭ ብዬ እሁዶቹ ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ። ጥፍርህ ውስጥ ግራሶ አይቼ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ስልህ፣ መንገድ ላይ የሰው መኪና ቆሞ አግዤ ነው ትለኝ ነበር። በየእሁዱ መኪና የሚቆምበት አገር የት አለ? እኔ ደግሞ ደግ ባል ሰጠኝ እያልኩ ውሃ አሙቄ እጅህን አስታጥብህ ነበር። ኧረ በሕግ!

ኃላፊው ቀጠለና የትዕግስት ቤተሰቦች እስቲ ብድግ በሉልን አለ። ልጄ አዳራሹን እንኳ አላየችም። አባቴ አርፏል፣ ከቤተሰብ የመጣ ሰው የለም አለች። ተከፍታ አይደለም፤ ዝም ብላ፣ የለመደችውን ነገር እንደምትናገር ነው ያለችው። ያቺ አነጋገሯ ናት የገደለችኝ። መሠረት በክርኗ ጎሸመችኝ። ልነሳ ስል ድምፄ ቀደመኝ። እልልልል አልኩት!

ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ከል ለብሼ፣ ዓመትህ ሳይወጣ፣ እልል አልኩ ደምሴ። ሰው ሁሉ ዞሮ አፍጦ ቀረ። ከጎኔ የነበረች አንዲት እናት መርዶ የሰማሁ መስሏት ክንዴን ለቀም አደረገችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛውን ስጀምር ድምፄ ተሰብሮ ልቅሶ ሊሆን ሲል፣ እነዚያ ልጆች በሙሉ ተቀበሉኝና አዳራሹ በእልልታ ተደበላለቀ።

ትዕግስት መድረኩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ሳጥኗን አስቀምጣ ወረደች። አጠገቤ ስትደርስ ምን አደረገች መሰለህ? እጆቿን ቱታዋ ላይ ጠረገች። የሽልማት ቀን ነው፤ እጇ ንጹሕ ነበር። እኔ ግን ከፋብሪካ በመጣች ቁጥር በዚያ እጅሽ እንዳትነኪኝ እላት ስለነበር፣ ንጹሑን እጇን ጠረገችልኝ። ሁለቱንም እጆቿን ይዤ ፊቴ ላይ አደረግኋቸው፤ አሥሩንም ጣቶቿን ሳምኳቸው። እማዬ፣ ከል ለብሰሽ እኮ ነው አለችኝ ጆሮዬ ላይ። አባትሽ አይቀየመኝም አልኳት። እውነቴን ነው አይደል?

ከፕሮግራሙ በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሁሉንም ዘከዘከችልኝ። ሰለሞንም ያውቅ ነበር አለችኝ። በቀለም፣ የበቀለ ሚስትም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ! ታዲያ በየእሁዱ በጠርሙስ ታመጣልኝ የነበረው ጸበልስ ከየት ነበር ብዬ ደንግጬ ጠየቅኋት፤ ጉልበቴን ስቀባው የኖርኩት የቧንቧ ውሃ እንዳይሆን ብዬ። እሱስ እውነተኛ ነው አለች እየሳቀች፤ ልትመለሱ ስትሉ ሮጠህ አቦ ገብተህ ትቀዳ ነበር። ተመስገን አልኩ። ስንት ጊዜ ልንገራት እያልክ በር ላይ ደርሰህ እንደተውከውም ነገረችኝ። ፈርተኸኝ ነው። ባሌ እኔን ፈርቶ የልጁን ኩራት ብቻውን ይዞ ሞተ። ይሄኛው ከሁሉም በላይ ነው ያመመኝ፤ ይቅር በለኝ።

የእድር ሴቶች ወሬው ደርሷቸው አልማዝ ሐዘኗ ወጣላት፣ ሳታገባ አትቀርም እያሉ ነው። ይበሉ። ቁራሌውን እሁድ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አሁን በራችን ላይ ሲደርስ ጉሮሮው እስኪበጠስ ነው የሚጣራው። የሰለሞንን ፎቶ ትንሽ ወደ ቀኝ አስጠጋሁት። ከጎኑ ትዕግስት በቱታዋ፣ ሳጥንህን ይዛ ቆማለች። ትናንት ቆጣሪ አንባቢው መጣ፤ ቁጥሩን እንኳ ሳይጽፍ ይዤው ገባሁ። ይቺ ልጄ ሜካኒክ ናት አልኩት።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ የሕይወት ታሪክህ እንደገና ይነበባል። ለጸሐፊው ነግሬዋለሁ፤ ያኔ ያስዋሸሁት እኔ ስለሆንኩ የማነበውም እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለልኩ መሆኔን ታውቃለህ፤ እየተንተባተብኩም ቢሆን፣ ያኔ የሰሙት ሰዎች ሁሉ ባሉበት፣ አንድ ኢንጂነርና አንዲት ሜካኒክ ብዬ አነባለሁ።

ከመጪው እሁድ ጀምሮ ደግሞ፣ ጉልበቴም ይመመኝ፣ ሳሪስ አቦ ሄጄ አስቀድሳለሁ። እናንተ የቀራችሁባቸውን እሁዶች እኔ እሄድላችኋለሁ፤ ስምህንም በየሳምንቱ አስጠራለሁ። ከቅዳሴ ስወጣ ወደ በቀለ ጥገና ቤት ጎራ እላለሁ። ትዕግስት እዚያ ናት፤ መሠረትን ማስተማር ጀምራለች፣ መጀመሪያ ምን እንዳስተማረቻት አንተ ታውቀዋለህ። ጎረቤት የት ነበርሽ ሲለኝ ሳሪስ አቦ እላለሁ። እንደ አንተ ግን እዚያ ላይ አላቆምም፤ ከዚያም ሜካኒኳ ልጄ ጋ እላለሁ።

ሚስትህ አልማዝ