ያልተበላሸው መለኪያ

ጥቅምት 4
ደክሞኛል። ዎርዱ ሞልቷል፣ አንዷ ነርስ ቀርታለች፣ የቀረነው ስንሯሯጥ ዋልን። አክታ መሳቢያው ማሽን እንደገና ቆመ። ካቻቢቴ መጥቶ ሠራው። የሆስፒታሉ መሣሪያ ጠጋኝ ነው፤ ካቻቢቴ ከኪሱ ስለማይጠፋ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ሲወጣ "ሲስተር፣ ሻይ ጠጥተሻል?" አለኝ። አልጠጣሁም። ይዞልኝ መጣ። ሻይ ብቻ ነው እኮ... ታዲያ ፊቴ ለምን ቀላ? በዚህ ዕድሜዬ!

ቤት ስገባ አማቴ እንደ ልማዳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠበቁኝ። የደም ግፊታቸውን ለካሁ። ደህና ነው። ባሌ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ እናቱና እኔ ብቻ ነን። "ካንቺ በቀር ማን አለኝ" ይላሉ።

ጥቅምት 12
ካቻቢቴ ደረጃው ሥር አስቁሞኝ ነገረኝ። "እወድሻለሁ። እንግዲህ ምን ላድርግ?" እኔም... ከአፌ አመለጠኝ። ቤት መጥቶ አማቴን መተዋወቅ ይፈልጋል። ምን ብዬ? "እማማ፣ በልጅዎ ቦታ ሰው አመጣሁ" ልበል? እንኳን ለመናገር ለማሰብም አፈርኩ።

ጥቅምት 16
ጉድ ሠራሁ። አማቴን የቤታችን የግፊት መለኪያ ተበላሸ አልኳቸው። ምንም አልሆነም! "ከሥራ ቦታ የሚጠግን ሰው ይመጣል" አልኩ። መጣ። ጠረጴዛው ላይ ፈታታው፣ ነፋው፣ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። አማቴ አጠገቡ ቆመው "እጅህ ይባረክ ልጄ" ይሉታል። "ዕቃ ይጎድለዋል፣ ይዤው ልሂድ" አለ። ሌላ ቀን ለመምጣት ነዋ። በር ላይ ስንደርስ ሳቃችን አመለጠን። ሳቄ ሳያልቅ ነው ያፈርኩት። በእናት ላይ እንዲህ ይሳቃል?

ከዎርድ ሌላ መለኪያ ማምጣት እችላለሁ። አላመጣም። መለኪያ ካለ እሱ በምን ምክንያት ይመጣል?

ጥቅምት 23
እንደገና መጣ፣ "ዕቃው አልደረሰም" እያለ። አማቴ ወደውታል። ሻይ እየጠጣን፣ "ሚስት አለህ?" አሉት።
"የለኝም እማማ።"
"እንግዲያው የእህቴን ልጅ ላስተዋውቅህ። ጨዋ ናት፣ ሥራ አላት። ትንሽ ለፍላፊ ናት እንጂ እንከን አይወጣላትም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አብራችሁ ነው የምትሠሩት። ምን ይመስልሻል?"
ያኔ መናገር ነበረብኝ። እሱም ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። "ጥሩ ሐሳብ ነው" አልኩ። ምላሴ በተቆረጠ!
በር ላይ አልሳቀም። "ደብቀሽ የምታስገቢኝ ዕቃ አይደለሁም" አለ። ደህና ዋዪ እንኳን ሳይለኝ ሄደ።

ጥቅምት 25
ዎርድ መጣ፣ ሠራ፣ ሄደ። መለኪያውን መልስልኝ ለማለት እንኳ አፍ አጣሁ።

ጥቅምት 27
ጠዋት አማቴን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። ራሳቸውን አዙሯቸዋል። ወደ ሆስፒታል ይዣቸው በረርኩ። ግፊታቸው ከሁለት መቶ በላይ ነው! ለካ ደህና ነኝ ብለው የግፊት ኪኒናቸውን ትተውታል። እንደ ድሮው በየማታው ብለካ ኖሮ ወዲያው እደርስበት ነበር። ነርስ ነኝ እኮ... ምን ዓይነት ነርስ?

ሐኪሙ "ቤት ውስጥ አይለኩም እንዴ?" ብሎ እኔን አየ። እሳቸው ቀደሙኝ። "መለኪያው ተበላሽቶ ነው ዶክተር። እሷን እንዳትቆጣት። እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥቅምት 30
ግፊታቸው ወረደ፣ ቤት ገባን። አልጋቸው ላይ ካስተኛኋቸው በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው። መለኪያው ደህና እንደነበር። ሰውየውን እንደምወደው።
ቀና ብለው አዩኝ። "የእህቴን ልጅ ሳጭለትም ትወጂው ነበር?"
"አዎ እማማ።"
"ልጄን ረሳሽው አልልሽም። ገና ዕድሜ አለሽ። እኔን ግን ምን አደረግሽኝ? መሳቂያ?" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ኅዳር 2
ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ሲከቱ ደረስኩ። "እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። አዲስ አባወራ ሲገባ የፊተኛው እናት ምን ትሠራለች?" ሄጄ ሻንጣው ላይ ቁጭ አልኩበት። እንደ ሕፃን። "እርስዎ ከወጡ እኔም እወጣለሁ፣ ቤቱን ለአይጥ እንተውለት" አልኩ። ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ተቆጡ። "ተነሺ፣ ቀሚሴን ጨማደድሽው!" አልተነሳሁም። አልሄዱም። ግን እስኪመሽ አላናገሩኝም።

ኅዳር 4
ጥገና ክፍል ሄጄ ካቻቢቴን ይቅርታ ጠየቅኩት። ባልደረቦቹ ሁሉ እየሰሙ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። "ነገ ቤት ና። ከእንግዲህ ጠጋኝ ነው ብዬ አላስገባህም" አልኩት።
"አማትሽስ?"
"አኩርፈዋል።"
"ይሁን፣ መለኪያቸውን ይዤ ስድቤን ልቀበል እመጣለሁ" አለ።

ኅዳር 5
መጣ። "እማማ፣ የምወደው ሰው ይኸው" አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፣ ግን ወጣ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ።
"እናንተን የሚያካክሉ ሰዎች፣ እንደ ጎረምሳ ተደብቃችሁ! አታፍሩም?"
"እናፍራለን" አልን፣ እኩል።
ሻይ ሰጡት። ስኳር ግን አልሰጡትም። እስከ ጭላጩ ጠጣው።

ከሄደ በኋላ ከክፍላቸው ለቅሶ ሰማሁ። ገባሁ። "ውጪ!" አሉኝ። "ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ ሥራ እስክትሄጂ ጠብቄ ነው የማለቅሰው። እንዳላስከፋሽ ብዬ።" ሦስት ዓመት! እኔም እኮ የዎርዱን የመድኃኒት ክፍል በላዬ ዘግቼ ነው የማለቅሰው፣ እሳቸው እንዳያዩኝ... አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የባሌን ስም ጠራሁ። ካረፈ ወዲህ እዚህ ቤት ስሙ ጮክ ተብሎ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። እሳቸውም ጠሩት። አለቀስን፣ ድምፅ አውጥተን።

ሲወጣላቸው አፍንጫቸውን ጠረጉ። "ሰውየው ይምጣ" አሉ። "እኔ ግን ከእንግዲህ ልጄን ተደብቄ አላለቅስም። ይስማ።"

"ይስማ" አልኩ። "የእኔንም ይስማ።"