ስለ ተጣጣፊው የፈተና ሰዓትና ስለ ወንድሜ ክንድ

ለተከበሩ የኮሌጁ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ ጤንነትዎ እንዴት ሰነበተ? የፎቁ መስኮት ንፋስ እንዳልመታዎ፣ በዚያ ቅዳሜ ከታች የተሰማው ጩኸትም ጆሮዎን እንዳላሳመመው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከታች የነበርነው፣ ከተሰበረው፣ ከተሰፋውና ካበጠው በቀር፣ ደህና ነን።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የተጨማደደ የመኪና ላሜራ በመዶሻ የሚያቃና ሠራተኛ ነው። ፈረቃዬ ስለሚገለባበጥ በቋሚ ሰዓት መማር አልችልም ነበርና፣ ክፍልዎ «ሒሳብን በራስዎ ፍጥነት፣ በሚመችዎ ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ እህትና ወንድም ተያይዘን ካልኩለስ ተመዘገብን። ዘገምተኛ፣ መካከለኛና ፈጣን ከሚባሉት አማራጮች መካከለኛውን መረጥን፤ ማንም ዝግጁ ነኝ ባለ ቀን መጥቶ ይፈተናል ተባልን። ለዚህ ደግነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዎቼን ግን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እኛ ዝግጁ በሆንን ቀን ሁሉ የፈተና ክፍሉ ዝግጁ አልነበረም። ወይ ኮምፒውተሮቹ ተበላሽተዋል፣ ወይ ፈታኙ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ወይ ቁልፍ የያዘው ሰው ቀርቷል። ወንድሜ አለቃውን ለምኖ፣ ተሰድቦ፣ እጁን ከግራሶ ታጥቦ በመጣ ቁጥር የተዘጋ በር አይቶ ተመልሷል።

ሁለተኛ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ የተለጠፈችው ወረቀት፣ እስካሁን ያልተፈተነ ሁሉ፣ ፍጥነቱ ምንም ይሁን ምን፣ በማግስቱ ጠዋት ካልቀረበ ትምህርቱን ከሀ ሁ እንደሚጀምር ታበስር ነበር። ዘገምተኛውንና ፈጣኑን በአንድ ጊዜ እኩል ስላደረጉልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ትንሽ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ፍጥነቶች በአንድ የብረት በር ፊት ተሰበሰቡ። በሩ እኩሌታው ብቻ ተከፈተ። ከኋላ ያለው ሲገፋ ከፊት ያለው ከብረቱ ጋር ተጣበቀ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ተማሪ ተንሸራታ ስትወድቅ ሰው በላይዋ ይረማመድ ጀመር። ወንድሜ «ሰው ሞተ! ወደኋላ በሉ፣ ሰው ሞተ!» እያለ ጎንበስ ብሎ በብብቷ ሊያነሣት ሲታገል፣ ትከሻውን አይተን «ግንቡ» ያልነው የጥበቃ ሠራተኛ ዱላውን አነሣ። ዱላው የወንድሜ ቀኝ ክርን ላይ ሲያርፍ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ደግሞ አነሣው። እኔም፣ የተከበሩ ኃላፊ፣ ክፍልዎ ግዴታ ነው ብሎ ያስያዘንን ያንን ጠንካራ ሽፋን ያለው የካልኩለስ መጽሐፍ በሁለት እጄ ይዤ በጠርዙ ግንባሩን ተረተርኩት። ዓይኑ በደም ተሸፍኖ በጉልበቱ ሲንበረከክ ደገምኩለት። መጽሐፉ ለተማሪ ምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያን ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥበቃዎች ደረሱ፤ ድንጋይ ተወረወረ፣ መስተዋት ረገፈ፣ ጥርሱን መሬት ላይ የሚፈልግ ሰውም አየሁ። ነፍሰ ጡሯ ከነጽንሷ ተርፋለች፤ ይህን ግን ከክፍልዎ ዕቅድ ጋር የሚያገናኘው የለም።

ሐኪም ቤት ሌላ ቦታ ስላልነበረ፣ አግዳሚው ላይ ወንድሜ በአንድ ጎኔ፣ ግንባሩን በጨርቅ የያዘው ግንቡ በሌላ ጎኔ ተቀመጡ። እዚያው አንቄ ልጨርሰው ከልቤ ተመኝቼ ነበር። እሱ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «እህቴ፣ ፈተናው ተሰረዘ እንዴ?» አለኝ። ምን አገባህ ስለው፣ «እኔም እኮ ተመዝግቤያለሁ፣ ዘገምተኛው ላይ። ልፈተን ፈቃድ ብጠይቅ በሩን ጠብቅ አሉኝ» አለ። ከሕመሙ የተነሣ ጥርሱን ነክሶ የነበረው ወንድሜ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ሲጠራኝ ፈረቃ ላይ ነኝ ብል ሰዓቱ ንቅንቅ እንደማይል ተነገረኝ። ግንቡም ሊመሰክርብኝ ቀረበ። የስፌቱ ክር ገና ሳይወጣለት፣ «መታችኝ፤ እኔም ወንድሟን ሰብሬዋለሁ። እኩሌታውን ክፈት፣ ከገፉ በለው ብለው ከመስኮት ያዘዙኝ ግን እሳቸው ናቸው» ብሎ ከኮሚቴው ጋር የተቀመጡትን እርስዎን በጣቱ አሳየ። እርስዎም የእጅ ሰዓትዎን ተመለከቱ። ብዙም ሳይቆይ እሱ ከሥራ ተባረረ፣ እኔ ታገድኩ፣ ክርኑ ከእንግዲህ እንደማይዘረጋ ሐኪም የነገረው ወንድሜ ደግሞ በሕመም ምክንያት ወደ ዘገምተኛው ፍጥነት ተዛወረ። አሁን መዶሻውን በግራ እጁ እየተለማመደ ነው፤ ላሜራውን ሲስት ጣቱን ይመታል፤ ጣቱን ሲመታም ስምዎን ከነማዕረግዎ ይጠራል።

ግንቡን ይቅር ብዬዋለሁ ብል ውሸት ነው። ሆኖም በምሳ ሰዓት ሦስታችን አውቶቡሴ ኋላ ወንበር ላይ እናጠናለን፤ ወንድሜ ይናገራል፣ ግንቡ ይጽፍለታል። ያ እጅ እርሳስ ይዞ ወደ ወንድሜ ሲጠጋ መጽሐፉን በሁለት እጄ አነሣና ቀጣዩን ጥያቄ አነባለሁ። የምንለምነውም ትንሽ ነው፦ ሰውየው ወደ ሥራው ይመለስ፣ የፈተናው ቀን ቀደም ብሎ ይነገረን፣ በሩም ሙሉውን ይከፈት።

የወንድሜን ጤና እስከ ዛሬ ባለመጠየቅ ሐዘናችንን ላልቀሰቀሱብን ለእርስዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የታገደች ተማሪዎ፣ የአውቶቡስ ሹፌሯ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አጥሩ ላይ ልለጥፍ ስመጣ የብረት በሩ ቀለም ሲቀባ ደረስኩ። ቀይ መምረጥዎን አደንቃለሁ፤ ከሚቀጥለው ፈተና በኋላ እንደገና ማስቀባት አያስፈልግዎትም።