ገመድ የማይዘው የሸኮ ኮርማ

ሰኞ
ሐሙስ ይቀጠቀጣል፣ ይኮላሻል አሉ። ኮርማው! እኔ ደግሞ ለመጽሔቱ ስለ ሸኮ ከብቶች አንድ ደስ የሚል ነገር ልጽፍ ብዬ ነበር ከአማን ከተማ ተነስቼ እትዬ ምህረት ቤት የመጣሁት። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወሬው ደረሰኝ። ትናንት ጎረቤታቸውን በላይን አሳድዶ አጥር ላይ ሰቅሎታል። ሰውየው ደህና ነው፤ ሱሪው ግን አልተረፈም። (የት ላይ እንደተቀደደ አልጽፍም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።) ቀንድ ቢኖረው ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን።

የእትዬ ምህረት ባል ጋሽ ማርቆስ ለጎረቤት ሰላም ሲሉ አስቀጠቅጠዋለሁ ብለው ቃል ገብተዋል።

ማክሰኞ
አየሁት። ውይ ሲያምር! ቀይ ነው። እግሩ አጭር፣ ደረቱ እንደ በርሜል የሞላ፣ ጀርባው ሜዳ፤ ሻኛ የሚባል ነገር የለውም። ግንባሩ ልሙጥ። አጭር ቀንድ ያላቸው ሸኮዎችም አሉ፤ ይሄኛው ግን ቀንድ ይበቅልበታል የሚባል ቦታ እንኳ የለው።

የወረዳው የከብት ሐኪም ሲያስረዱኝ አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ሻኛ ያላቸው ከብቶች ወደ አገራችን ሳይገቡ በፊት ከነበሩት የተረፉ ናቸው አሉኝ። ሌላውን ከብት ገንዲ፣ ዝንብ የሚያመጣው በሽታ፣ አክስቶ ሲጥለው፣ እነሱ ቆመው ይግጣሉ።

ታዲያ ለምን እያለቁ ነው?

«በቁጣቸው» አሉኝ። ወንዱ ኃይለኛ ስለሆነ ገና ሳይጎለምስ ይቀጠቀጣል፣ ወይ ለሥጋ ይሸጣል። ላሚቱ ለሻኛማው ኮርማ ትቀራለች፤ ዘሩም ይቀላቀላል።

ረቡዕ
ጠዋት ባልና ሚስት ተጣሉ። እትዬ ምህረት ሁለት ሸኮ ላሞች አሏቸው፤ ሁለቱም ገና በኮርማ አልተጠቁም።

«እስከ ቴፒ አስጠይቄአለሁ። ያልተቀጠቀጠ ሸኮ የለም። ይሄ ከሄደ ዘሩ ከዚህ ቤት አለቀ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እስኪገድል ልጠብቅ?»

«ከአንዷ ላም ጋር ሳለ እኮ ነው በላይ ዘው ብሎ የገባበት! አንተስ ብትሆን ዝም ትል ነበር?»

ጋሽ ማርቆስ ራሳቸው ሳቁ። ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

ላሚቱ እንደገና ኮርማ የምትፈልገው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሐሙስ ደግሞ ነገ ነው። ምግብ አልበላ አለኝ፤ ለአንድ ኮርማ!

ሐሙስ
ቀጥቃጩ ከጌጫ መጣ። ገመዱን ወረወረ፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ደግሞ ወረወረ። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ከብት የጣለው በቀንዱ ይዞ ነው። አንገቱ ላይ ቢያስገባለትም፣ አንገቱ ከራሱ ስለሚወፍር ኮርማው ዝቅ ብሎ ያወልቀዋል። አራት ሰዎች ተጋገዙ፤ ሁለቱ ጭቃ ውስጥ ገቡ።

«ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? መያዣ የለውም እንዴ!»

ከዚያ ሁሉም ወደ እትዬ ምህረት ዞሩ። ኮርማው ጨው ከእጃቸው ስለሚልስ ለሳቸው እንደ ጥጃ ነው።

«እርስዎ ይያዙልን።»

ግንድ ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን አጣጠፉ። «ቃል የገባው ማርቆስ ነው። እኔ ለማንም ቃል አልገባሁም።»

ቀጥቃጩ የተቀቀለ በቆሎ በልቶ ሄደ። ሰኞ መወጠሪያ፣ ከብት ጠፍንጎ የሚይዝ እንጨት፣ ይዤ እመለሳለሁ ብሏል።

ዓርብ
ጋሽ ማርቆስ አፍረው ከቤት አልወጡም። እትዬ ምህረት ግን አዲስ ሱሪ ከሱቅ ገዝተው ወደ በላይ ቤት ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው፤ ይሄ እንዴት ያመልጠኛል!

«በላይ ወንድሜ፣ ሦስት ሳምንት ብቻ ስጠኝ። ጠንካራ በረት አሠራለታለሁ።»

በላይ ሱሪውን ገለባብጦ አየና መለሰላቸው። «እትዬ፣ ባለፈው ክረምት ሁለት ጥጃ በገንዲ ቀብሬአለሁ። ሱሪ አልፈልግም። የኔንም ላም ያስጠቁልኝ።»

እትዬ ምህረት እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡት።

ቅዳሜ
ለቀጥቃጩ ተደውሎ ሰኞ እንዳትመጣ ተባለ። ጋሽ ማርቆስና በላይ አብረው የበረቱን ምሰሶ ሲተክሉ ዋሉ። ኮርማው ከሩቅ ያያቸዋል፤ አልተደነቀም።

ጋሽ ማርቆስን «ከሦስት ሳምንት በኋላስ?» አልኳቸው።

«እስኪ ላሞቹ ጽንስ ይያዙ፣ ያኔ እናያለን» አሉ።

ይያዙ አይያዙ ማን ያውቃል። ግን ከሰዓት አንድ የታችኛው ሰፈር ሰው ላም እየነዳ መጣ። ወሬው ደርሶት ነው። እትዬ ምህረት አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ በላይ ዶማውን እንደያዘ ጮኸበት፦

«ከእኔ ቀጥሎ ነህ!»