ሳልውጠው የቀረሁት ኪኒን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1978

ማጅራቴ ላይ ያለው እባጭ ስፌት መኪናው ላይ ሳቀረቅር ያመኛል። ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ለቁስል አካሚው፣ ለድሬሰር ዘይኑዲን አሳየሁት። ሐሙስ ጠዋት ይቆረጣል፣ ያንኑ ዕለት ቤቴ እገባለሁ። ሁለት ኪኒን ሰጠኝ።

«ማደንዘዣ መርፌው አንሶናል። ሐሙስ ከቤት ሳትወጪ ዋጪያቸው፤ ሕመሙን ቀድመው ይይዙታል። አደራ አቦ!»

ሳያመኝ ኪኒን? ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ... ጥርሱ ደግሞ ሲያምር!

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

እማዬ ጉልበቷን ይዛ ስታቃስት አመሸች። ኪኒኖቹን ሰጠኋት። ላመመው ሰው አይሻልም?

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ተቆረጠልኝ። «ዋጥሽ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ምን ነክቶኝ? ቁጣውን ፈርቼ... ምላጩ ሲገባ እሳት ነው። «አራጅ! አንተ አራጅ!» እያልኩ ጮህኩ። በር ላይ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሰማ። ዘይኑዲን ላብ በላብ ሆኖ «አይዞሽ፣ ይቅርታ እህቴ፣ ይቅርታ» ይለኛል። እሱ ይቅርታ! እውነቱን ልነግረው ነበር። ሳልነግረው ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ጎረቤቴ ረዲያ ከገበያ መጣች። «ወላሂ ወይንሸት፣ ዘይኑዲንን አራጁ ነው የሚሉት! ቁስል ያለበት ሁሉ እሱን ሸሽቶ በደሳ ከተማ ድረስ እየሄደ ነው» አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። እውነቱንም አልነገርኳትም። ፈሪ!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

የእማዬ እግር መግል ቋጥሯል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት፣

«እዚያ አራጅ ጋ? አንቺው አይደለሽ ያልሽው?»

ያኔ ነገርኳት። የዋጠቻቸው ኪኒኖች የኔ እንደነበሩ፣ እንደዋሸሁት... ሁሉንም። ነጠላዋን አነሳች። «በይ ደግፊኝ» አለች።

ዘይኑዲን ግን የለም። «ወደ ቦኬ ጤና ጣቢያ ተዛወረ፣ ትናንት» አለን ዘበኛው። «ራሱ ነው የጠየቀ። የሰው አፍ መረረው።» አንድ ቀን! ትናንት ብመጣ ምን ነበረበት?

ነርሷ ለእማዬ ኪኒን ሰጥታ፣ ሕመሙን እስኪይዝላት ትንሽ ቆዩ አለችን። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አጠገባችን አንዲት ሴት የሚያለቅስ ልጇን ታባብላለች። እምቢ ሲላት፣

«ዝም በል! አራጁን እጠራዋለሁ!»

ልጁ ጭጭ አለ።

«ስሙ ዘይኑዲን ነው» አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ።

«የማን?»